ትንሽ ውሻ በደጋ አገር

በእኛ በግሼና በመንዝ ውሻ ማለት በውጭ የሚያድር፥ በጎችን ከጅብና ከቀበሮ የሚጠብቅ፥ እንግዳ ሲመጣ ከአጥር ሥር ተነሥቶ የሚያጓራ ትልቅ እንስሳ ነው። ሥራ አለውና ይበላል። በእቅፍ የሚያዝ፥ ከሰው ጋር በምኝታ ቤት የሚያድር ውሻ አለ ሲባሉ ሽማግሌዎቻችን ይሥቃሉ። አያቴማ ነገሩን በሰማች ጊዜ «ታዲያ እርሱ ድመት ነዋ!» ብላ ዘጋችው። እኔ ግን በዚህ ዓመት ስለ ትናንሽ ውሾች ብዙ ለማሰብ ተገድጃለሁ፤ ይኸውም አዲስ አበባ የምትኖረው አክስቴ ውሻዋ ከወለደቻቸው ቡችሎች አንዷን ወደ ራቤል ልትልክልኝ ቃል ስለ ገባች ነው። እናቲቱ ቺዋዋ ናት።

ቺዋዋ ስሙን ያገኘው ከሜክሲኮ አገር አንዱ ክፍል ነው። አድጎ ከጨረሰ በኋላ እንኳ ክብደቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ3 ኪሎ አይበልጥም። ይህ ዘር ለኢትዮጵያ ፈጽሞ እንግዳ ነው ማለት ግን አይቻልም፤ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ውሻ ሉሉ ቺዋዋ ነበር። በሞተም ጊዜ በኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ግቢ ተቀብሮ የመቃብር ድንጋይ ቆሞለታል። ይህን ለአባቴ ብነግረው «የንጉሥ ውሻና የገበሬ ውሻ አንድ ነውን?» አለኝ። አነጋገሩ ለጊዜው ቢያናድደኝም ቁም ነገር አለበት፤ የውሻ ጠባይ የሚመጣው ዘሩ ለብዙ ዘመን ከዋለበት ሥራ ነውና።

ለምሳሌ ፔኪኒዝ የሚባለውን እንመልከት። ይህ ፊተ ጠፍጣፋ ውሻ በቻይና ቤተ መንግሥት ሲቀማጠል የኖረ በመሆኑ ኩሩ ነው፤ ሲጠሩት ቶሎ አይመጣም፥ ለመታዘዝም አይቸኩልም። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1860 የእንግሊዝና የፈረንሳይ ወታደሮች የቻይናን የበጋ ቤተ መንግሥት ሲዘርፉ ከዚህ ዘር 5 ውሾች ወሰዱ። አንዷ ለንግሥት ቪክቶሪያ ተሰጠች፤ ስሟንም ዘረፋ ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል አውጥተው «ሉቲ» አሏት። (ከ8 ዓመት በኋላ በመቅደላ የሆነውን ለምናውቅ ለእኛ ይህ ስም ብዙም አያሥቅም።) ቴሪየር ደግሞ ተቃራኒው ነው። አይጥና የጉድጓድ አውሬ እንዲያድን የተራባ ስለ ሆነ ሥራ ካልሰጡት ጓሮውን ቆፍሮ ይጨርሰዋል። እግረ አጭሩ የጀርመን ዳክስሁንድም ግትርና ጯሂ ነው፤ ጉድጓድ ውስጥ ብቻውን ከአውሬ ጋር ለሚታገል እንስሳ ግትርነት ነውር አይደለም።

ወደ ቺዋዋ ልመለስ። ይህ ውሻ ብዙውን ጊዜ አንድ ሰው መርጦ ይወዳል፤ ሌላውን ሁሉ በጥርጣሬ ያያል። ድፍረቱም ከአካሉ ጋር አይመጣጠንም፤ አሥር እጥፍ ከሚበልጠው ውሻ ጋር ሊጣላ ይነሣል። ሰዎች ትንሽ ውሻ ነገረኛ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ። በእኔ አስተያየት ግን ከጥፋቱ ገሚሱ የባለቤቱ ነው። ትልቅ ውሻ ጥርሱን ሲያሳይ እንገሥጸዋለን፤ ትንሹ ሲያደርገው ይሥቁለታል፥ ያቅፉታል። እርሱም መንከስ የሚያስመሰግን ሥራ ይመስለዋል። ደግሞም አጥንቱ ቀጭን ነው፤ ሕፃን ልጅ ከእጁ ቢጥለው ይሰበራል። እኛ ቤት ሕፃናት 3 ናቸው።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ብርዱ ነው። ቺዋዋ በሞቃት አገርም ቢሆን የሚንቀጠቀጥ እንስሳ ነው፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ፥ ባና ደርበን እኛ ራሳችን በምንንዘፈዘፍበት ሌሊት፥ ከአጥር ሥር ቢያድር አይነጋለትም። ብርዱ ቢምረው ጅቡ አይምረውም። እንግዲህ ወይ በቤት ውስጥ ያድራል፥ ወይም ከነጭራሹ አይመጣም።

ሌላው የእብድ ውሻ በሽታ ነው፤ በሽታው ትንሽና ትልቅ አይመርጥም። አንድ ጊዜ ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ መዳን የለም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያው በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ያህል አጥቦ ሳይዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ አለበት። ከእኛም አልፎ በጓሳ የሚኖረውን ቀይ ቀበሮ ያሰጋዋል። ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ በቀር በየትም አይገኝም፤ ቁጥሩም በጠቅላላው ወደ 500 ብቻ ይገመታል። በ1996 ዓ. ም. በባሌ ከቤት ውሾች የተላለፈው በሽታ ብዙዎቹን ፈጅቷል። ያልተከተበ ውሻ ይዞ ወደ ጓሳ መውጣት እንግዲህ ምን ማለት እንደ ሆነ አንባቢ ይፍረድ።

ለአክስቴ በጻፍኩላት ደብዳቤ ቡችላዋ 3 ወር ሞልቷት የእብድ ውሻ ክትባት ሳትከተብ እንዳትልካት፥ የክትባቱን ወረቀትም አብራ እንድትሰጠኝ፥ ጉዞውም ውርጩ ካለፈ በኋላ በሚያዝያ እንዲሆን ለምኛታለሁ። አያቴ አሮጌ ባናዋን ቀድዳ ለመኝታዋ የሚሆን ቁራጭ አስቀምጣለች፤ ይህን ያደረገችው ማንም ሳይጠይቃት ነው። አባቴ ግን ቡችላዋ የት እንደምታድር ስጠይቀው እስካሁን «እናያለን» ከማለት በቀር አልመለሰልኝም።