ጆይስቲክ ተከትለን ከካዛንቺስ ገላን ጉራ

አዲስ አበባን በአብያተ ክርስቲያናቷ፣ በመስጊዶቿ፣ በመርካቶዋና በቡና ቤቶቿ የሚያስጎበኝ ሰው ሞልቷል። በጌም ቤቶቿ የሚያስጎበኝ ግን እስካሁን አልገጠመኝም። ስለዚህ ባለፈው ቅዳሜ የ12 ዓመቱን ልጄን ይዤ ወጣሁ። እሱ «አስጎብኚው እኔ ነኝ» ባይ ነው። ይሁንለት፤ የታክሲና የምሳ ከፋዩ ግን እኔ ነበርኩ።

ጌም ቤት ገብታችሁ የማታውቁ ወላጆች ካላችሁ ነገሩ እንዲህ ነው። አንዲት ጠባብ ክፍል፣ ሁለት ሦስት ቴሌቪዥን፣ አግዳሚ ወንበር፣ ደጃፉ ላይ ደግሞ ፀሐይ ስክሪኑን እንዳይመታው የተንጠለጠለ መጋረጃ። ሁለት ልጆች ይጫወታሉ፣ ስምንቱ ያሠለጥናሉ። የተሸነፈ ይነሳል፣ ያሸነፈ ይቀመጣል፣ ተራ የያዘ ይገባል። ሕጉ ከእኛ ዘመን ጆተኒ በቀጥታ የተወረሰ ነው። ጆተኒ ያላጣላው የሰፈር ጓደኛ ስለሌለ ጭቅጭቁም አብሮ ተወርሷል።

መነሻችን ካዛንቺስ ነበር። ስሙ ጣሊያን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ቤት ከሚያሠራበት ተቋም የመጣ ነው። «ካዛ» ቤት ነው፤ የተቋሙ ምሕጻረ ቃል ደግሞ «ኢንቺስ»። የሰፈሩ ሰው አገጣጠመውና ካዛንቺስ አለው። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ሰፈሩ ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ፣ በዚያው ሰሞን እዚያው አጠገብ አፍሪካ አዳራሽ ታድሶ ተከፈተ። በ1953 ዓ.ም. የተመረቀ፣ በ1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተበት፣ የአፈወርቅ ተክሌን የመስታወት ሥዕል የያዘ ቤት ነው። አሮጌ ሕንፃ እንዲህ በጥንቃቄ ሲታደስ ማየት ደስ ይላል። መንገዱም አምሯል፣ የእግረኛው ጎን ሰፍቷል፣ ማታ መብራት አለ፤ ያማረውን አላማረም አልልም። ልጄ ግን መብራቱን አላየም። «ጌም ቤቱ የት ጋ ነበር?» አለኝ። ቆም ብዬ ብዙ አሰብኩ። ድሮ «ከሻይ ቤቱ ጎን፣ ከብረት በሩ ፊት ለፊት» ብሎ ማሳየት ይቻል ነበር። አሁን ሻይ ቤቱም በሩም የሉም። በግምት አንድ የሣር መደብ ጠቆምኩት።

የዚያ ጌም ቤት ባለቤት ወደ ገላን ጉራ ተዛውሮ እንደገና መክፈቱን ሰምቼ ነበር። ልጆቹ «ኮሚሽነር» ነው የሚሉት። ለምን እንደሆነ ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

ከስታዲየም በቀላል ባቡሩ ወደ ቃሊቲ ሄድን። ባቡሩ ሥራ ሲጀምር በ2008 ዓ.ም. ሕዝቡ በመስኮት ነበር የሚያየው፤ አሁን ሁሉም ስልኩን ነው የሚያየው። ከጎናችን የተቀመጡት እናት አጫጭር ቪዲዮዎችን ያለ ማዳመጫ፣ በሙሉ ድምፅ ከፍተው ነበር። በእኔ አስተያየት በሕዝብ ማመላለሻ ውስጥ ስልክን በሙሉ ድምፅ መክፈት ከማጨስ እኩል ሊከለከል ይገባዋል። ልጄ በበኩሉ የጎረቤቱን ልጅ የስልክ ጌም በዓይኑ ይከታተል ነበር፤ ያኛው አንድ እጁን ምሰሶው ላይ አድርጎ በሌላው ይተኩሳል። ሦስት ጣቢያ እስክናልፍ አንድም ቃል አልተለዋወጡም። ከቃሊቲ በኋላ ያለውን በታክሲ ተጓዝን።

ገላን ጉራ ከካዛንቺስ የተነሱ ብዙ ሰዎች የገቡበት ነው። ሕንፃዎቹ ገና አዲስ ቀለም ይሸታሉ። ነፋሱ ከመሐል ከተማው ይበረታል። ሰው ግን ያው የካዛንቺስ ሰው ነው። አንዲት ሱቅ በር ላይ የጌም ቤቱን አቅጣጫ ብንጠይቅ ባለ ሱቋ «ጩኸቱን ተከተሉ» አሉን፤ ተከትለን ደረስን።

ውስጥ ያሉት ሦስቱም ማሽኖች ፕሌይስቴሽን 2 ናቸው። ይህ ማሽን ገበያ ላይ የዋለው በ1992 ዓ.ም. ነው፤ በዓለም ላይ ከ150 ሚሊዮን በላይ ተሽጧል፤ ፋብሪካው መሥራት ካቆመም ዓመታት አልፈዋል። እዚህ ግን በሕይወት አለ። የዲስኩ ሌንስ ከሞተ ቆይቷል፤ ኮሚሽነር ሚሞሪ ካርዱ ላይ በጫነው ፕሮግራም ጨዋታውን ከፍላሽ ያስነብበዋል። በፍላሹ ያለው ዊኒንግ ኢለቨን የዘንድሮ ዝውውሮች ገብተውበታል። የተጫዋቾቹ ፊት ከእንጨት የተፈለፈለ ቢመስልም ስማቸው ትክክል ነው። መብራት ሲዋዥቅ እንዳይቃጠልበት በስታቢላይዘር አያይዞታል። ቴክኖሎጂ ሲባል አዲስ መግዛት ብቻ ለሚመስላቸው ይህችን ክፍል ባስጎበኛቸው ደስ ይለኛል።

«ለምን ፋይቭ አትገዛም?» አልኩት።

«ጋሼ፣ ፋይቭ በዶላር ነው የሚገባው፤ የእኔ ደንበኛ በ10 ብር ነው የሚጫወተው» አለኝ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ እንዲሆን ሲወሰን 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከእጥፍ አለፈ። እኛ አዋቂዎቹ በዘይትና በመድኃኒት ነው የምናውቀው። ልጆቹ የሚያውቁት በጆይስቲክ ዋጋ ነው። አንዱ ጆይስቲክ የግራ ቁልፉ ስለማይሠራ እሱን የያዘ ልጅ አንድ ጎል ቀድሞ ይሰጠዋል። ፍትሕ ማለት ይሄ ነው።

ግድግዳው ላይ ሕግ ተጽፏል፦ በዩኒፎርም መግባት ክልክል ነው፣ ስድብ ክልክል ነው፣ ማስያዝ ክልክል ነው። ሦስተኛው ለእኔ ትልቁ ነው። በየሰፈሩ ቤቲንግ ቤቶች እንደ አሸን ሲፈሉ፣ የከተማው አስተዳደርም እየዞረ ሲያሽግ አይተናል። ወላጅ ሁለቱን አንድ አድርጎ «ቁማር ቤት» ይላቸዋል። አንድ አይደሉም። ጌም ቤት የገባ ልጅ 10 ብሩን ጨርሶ ይወጣል፤ እዚያኛው ቤት የገባ ግን የጠፋውን ለማስመለስ ይመለሳል።

ሱስ የሚባለው ነገር የለም እያልኩ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት የጌም ሱስን በበሽታዎች ዝርዝሩ ውስጥ አስገብቶታል፤ መለኪያው ግን ጠበቅ ያለ ነው፤ ልጁ ጨዋታውን መቆጣጠር አቅቶት ትምህርቱና ኑሮው ሲበላሽ፣ ያም በአብዛኛው አንድ ዓመት ያህል ሲዘልቅ ነው። ቅዳሜ ሁለት ሰዓት መጫወት እዚያ ውስጥ አይገባም። ቻይና በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ዓርብ፣ ቅዳሜና እሑድ እንዲሁም በበዓል ቀን አንድ አንድ ሰዓት ብቻ በኢንተርኔት እንዲጫወቱ ደንግጋለች። ለእኔ በዝቶብኛል። እኔን ይበልጥ የሚያስፈራኝ ባቡሩ ውስጥ ያየሁት ዓይነት ነው፤ «ነፃ» ተብሎ ይወርድና መሣሪያውን፣ ልብሱን፣ ዕድሉን በጥቂት በጥቂቱ ይሸጣል። ቤልጅየም በ2010 ዓ.ም. በጌም ውስጥ በገንዘብ የሚገዙ የዕድል ሣጥኖችን ቁማር ናቸው ብላ ከልክላለች። የዚህን ቤት መጋረጃ ገልጦ የሚገሥጽ አባት፣ ኪሱ ውስጥ ያለው ስልክ ምን እንደሚሸጥ አንዳንዴ ቢያይ ጥሩ ነው።

ኮሚሽነር ስሙን ያገኘው በደብተሩ ነው። ሽፋኑ የተቀዳደደ ባለ 50 ቅጠል ደብተር በሲባጎ ተንጠልጥሏል፤ የካዛንቺስ ሊግ ነው። 14 ስሞች፣ የተጫወቱት፣ ያሸነፉት፣ ነጥባቸው። ሰፈሩ ሲነሳ ውድድሩ ገና ግማሽ ላይ ነበር። ከ14ቱ እዚህ የደረሱት ስድስት ናቸው። የቀሩት ቤተሰቦቻቸው ተከራይ ስለነበሩ ርካሽ ቤት ወደተገኘበት ተበትነዋል፤ አንዱ ሰበታ፣ አንዱ ለገጣፎ፣ አንዱ ክፍለ ሀገር አያቱ ጋር።

«ስማቸውን ለምን አትሰርዝም?» ብዬ ጠየቅሁ።

«እንዴት ይሰረዛል?» አለኝ አንድ ረጅም ልጅ ከኮሚሽነር ቀድሞ። «ጨዋታ ይቀራቸዋል እኮ።»

መላ ፈጥረዋል። ለሌለው ልጅ ሌላ ሰው ይጫወትለታል፤ ነጥቡ ግን ለስሙ ይመዘገባል። እንግዳ ሲመጣ ይመረጣል፤ ወገንተኛ አይሆንም ተብሎ። በዚህ ሕግ ልጄ ሰበታ ላለው ልጅ ተሰለፈ። ያልተበላሸውን ጆይስቲክ ሰጡት። በመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች ሁለት ገባበት። ስምንቱ አሠልጣኞች በአንድ ድምፅ «ወደ ኋላ ተመለስ!» እያሉ ሲጮኹ እኔም ሳላውቀው አብሬ እጮህ ነበር። ከዕረፍት በኋላ አንድ አገባ፤ በመጨረሻው ደቂቃ ከማዕዘን ምት በግንባር ሌላ ጨመረ። 2 ለ 2።

ኮሚሽነር በእስክሪብቶ አንድ ነጥብ ጻፈ። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ሰበታ ደወለ፤ ስፒከር ላይ አደረገው።

«አቻ ወጥተሃል» አለው።

«ከማን ጋር?»

ነገረው።

«ማን ተጫወተልኝ?»

«አንድ እንግዳ ልጅ።»

ትንሽ ዝም አለ። «አገባ ወይስ አስገባልኝ?» አለ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ፤ ረጅሙ ልጅ ስልኩን ተቀብሎ ሁለተኛዋ ጎል እንዴት እንደገባች ከመጀመሪያው ይተርክለት ጀመር።