በክር ላይ የሚያድግ የጨው ጌጥ

ክሪስታል፣ ማለትም ጥቃቅን ቅንጣቶቹ በሥርዓት የተደረደሩ ጠጣር አካል፣ ልጆች በቤት ውስጥ ለጌጥ ሊያሳድጉት ሲፈልጉ ቀላሉ መነሻ የገበታ ጨው ነው። 100 ግራም ውሃ በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ 36 ግራም ያህል ጨው የሚያሟሟ ሲሆን፣ ቢፈላ እንኳ መጠኑ ከ39 ግራም እምብዛም ስለማያልፍ፣ ከስኳር በተለየ የጨው ክሪስታል የሚያድገው በዋናነት ጨው የጠገበው ውሃ ሲቀዘቅዝ ሳይሆን ቀስ በቀስ ሲተን ነው። ስለዚህም ክር የተንጠለጠለበት ብርጭቆ በስስ ጨርቅ ተሸፍኖ ለቀናት ሳይነቃነቅ መቀመጥ አለበት፤ ውሃው ፈጥኖ ከተነነ ደቃቅ ፍርፋሪ ብቻ ይተርፋልና። ክሪስታሉን በአጉሊ መነጽር የሚመለከት ልጅ ቀጥ ያሉ ጠርዞችና አራት ማዕዘን ጎኖች ያገኛል፤ ይህንንም ቅርጽ የሰጠው የሶዲየምና የክሎሪን አዮኖች፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ሙል ያላቸው አቶሞች፣ አደራደር መሆኑን ከመማሩ በፊት በዓይኑ ማየቱ እጅግ ደስ የሚያሰኝ ነው። የደረቀው ጌጥ በእርጥበት ስለሚሟሟ፣ ቀለም አልባ የጥፍር ቀለም ቢቀባ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል።