ሰባቱ የሸናንዶዋ ኩርባዎች እና የልጅ ልጄ ሪሞት

ከዋሽንግተን ዲሲ ተነስቶ በአውራ ጎዳና 66 ወደ ምዕራብ የሚነዳ ሰው፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ፎቁም መጋዘኑም ወደ ኋላ ይቀርለትና ሰማያዊ ተራሮች ይቀበሉታል። ስማቸውም «ብሉ ሪጅ» ነው፤ ሰማያዊ ሰንሰለት እንደ ማለት። ከእነሱ ወዲያ ያለው ሸለቆ ሸናንዶዋ ይባላል። ልጄን ለመጠየቅ ቨርጂንያ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ ከገባሁ ሁለት ወር አልፎኝ ነበር። ከቤት ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ከቤተ ክርስቲያን ወደ ሐበሻ ሱቅ ስመላለስ ከርሜ የእርሻ ማሳና የከብት መንጋ ሳይ ደስ አለኝ። ጊዜው ጥቅምት ስለነበር ዛፉ ሁሉ ቀይና ብርቱካናማ ሆኗል።

መኪናውን የሚነዳው ልጄ ነው። ከኋላ የ15 ዓመቱ የልጅ ልጄ ቦርሳውን አቅፎ ተቀምጧል። ቦርሳው ውስጥ መዳፍ የምታህል ድሮንና ሁለት ሪሞቶች አሉ። አንደኛው ሪሞት ከድሮኗ ጋር ከፋብሪካ የመጣ ነው። ሁለተኛውን ክረምቱን የጎረቤት ሣር እያጨደ ባጠራቀመው ገንዘብ ከአንድ ትልቅ ተማሪ ገዝቶታል። ይኼኛው ተከፍቶ እንደገና የተገጠመ ነው፤ ከጀርባው ጥቁር ሣጥን ተለጥፎበታል፣ የራሱ ባትሪና ሁለት ረጃጅም አንቴናዎች አሉት።

«አባባ፣ ይኼ ሲግናሉን ያጎላዋል። በጣም ሩቅ ይሄዳል» ብሎኝ ነበር ገና ቤት ሳለን። እዚያ የተወለደ ልጅ ስለሆነ «አንተ» ነው የሚለኝ፤ ለምጄዋለሁ።

አባቱ ነገሩን ሲሰማ ወደ እኔ ዞረ። «አባባ፣ የዚህ ነገር ሰው እርስዎ ነዎት፤ እርስዎ ይወስኑ» አለና ከደሙ ንጹሕ ነኝ አለ። እውነቱን ነው። ጡረታ እስክወጣ ድረስ የሠራሁት በተራራ ጫፍ በተተከሉ የማይክሮዌቭ ማማዎች ላይ ነው። ሲግናል እንጀራዬ ነበር።

ድሮን ለማስነሳት ለምን ይህን ያህል መንገድ እንደሚነዳ መጀመሪያ አልገባኝም ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው። በሬገን አውሮፕላን ማረፊያ ዙሪያ 15 ማይል፣ ማለትም 24 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ያለ ልዩ ፈቃድ ድሮን ማብረር ክልክል ነው። አሌክሳንድሪያ ደግሞ የማረፊያው ጎረቤት ናት። እ.ኤ.አ. በጥር 2015 ለመዝናኛ ይበር የነበረ አንድ ትንሽ ድሮን ከባለቤቱ ቁጥጥር ወጥቶ ዋይት ሐውስ ግቢ ውስጥ ወድቆ ስለነበር፣ በዚያ አካባቢ ይህን ነገር እንደ ቀልድ የሚያየው የለም። ብሔራዊ ፓርኮችም ከ2014 ጀምሮ ለድሮን ዝግ ናቸው። ስለዚህ ሁሉም የሚያወራለት የብሉ ሪጅ ጫፍ መንገድ፣ ስካይላይን ድራይቭ፣ ለእኛ አልሆነም። ብሔራዊ ደን ግን በልዩ ሁኔታ ከተከለሉት ክፍሎች በቀር ደንቡን ላከበረ ሰው ክፍት ነው። ሸለቆውን ሁሉ ከላይ የሚያሳየውን፣ በጆርጅ ዋሽንግተን ብሔራዊ ደን የሚገኘውን የውድስቶክ ማማ የመረጥነው በዚህ ምክንያት ነው።

ስትራስበርግ የምትባለውን ከተማ ስናልፍ በስተግራ ማሳኑተን የሚባለው ረጅም ተራራ ሰሜናዊ ጫፍ ታየን። ስሙ ሲግናል ኖብ ነው፤ የምልክት ጉብታ እንደ ማለት። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ወታደሮች እዚያ ላይ ቆመው ባንዲራ እያውለበለቡ መልእክት ይለዋወጡ ነበር። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1864 የደቡቡ ጄኔራል ጆን ጎርደን ማሳኑተን ላይ ወጥቶ፣ ከሥር የሰፈረውን የሰሜን ጦር አንድ በአንድ አየ። ወዲያው ጥቅምት 19 ንጋት ላይ ሴዳር ክሪክ ከተባለው ወንዝ ዳር ድንገተኛ ጥቃት ተከፈተ። ጠዋት ድሉ የደቡብ ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ግን ጄኔራል ሸሪዳን ጦሩን መልሶ አሰባስቦ አሸነፈ።

ይህን ለልጅ ልጄ ስነግረው «ጎርደን ድሮን ቢኖረው ኖሮ!» አለና ሳቀ። እኔ ግን ያሰብኩት ስለ ባንዲራዎቹ ነው። ባንዲራ የፈለገውን ያህል ቢተልቅ፣ ማዶ ሆኖ የሚያየው ሰው ከሌለ ጨርቅ ነው። የእኛም ማማዎች እንደዚያው ነበሩ። ለጣቢያ ቦታ ስንመርጥ መጀመሪያ የምናጣራው አንዱ ተራራ ሌላውን ማየት መቻሉን ነበር። የመሣሪያው ጉልበት የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ውድስቶክ ትንሽ፣ ጸጥ ያለች ከተማ ናት። ከኖራ ድንጋይ የተገነባው አሮጌ ፍርድ ቤቷ ከ1795 ጀምሮ ቆሟል። ፒተር ሙለንበርግ የተባለ የሉተራን ቄስ በ1776 እዚህ ሰብኮ ሲጨርስ ልብሰ ክህነቱን አውልቆ፣ ከሥር የለበሰውን የወታደር ልብስ አሳየ የሚል ትረካ አላቸው። ታቦት ይዘው ዓድዋ ለዘመቱ ካህናት አገር ሰው ይህ እንግዳ ታሪክ አይደለም።

ከከተማዋ ወጥተን ወንዙን ተሻገርንና ተራራውን የሚዞረውን የጠጠር መንገድ ይዘን ወጣን። መኪና ከምናቆምበት ጥቂት በእግር ከሄድን በኋላ የብረቱ ማማ ዛፎቹ መካከል ብቅ አለ። ደረጃውን ቀስ እያልኩ ወጣሁ፤ ልጁ ከኋላዬ እጁን ዘርግቶ፣ ብወድቅ ሊይዘኝ ተከተለኝ።

ከላይ የሚታየው የሸናንዶዋ ሰሜናዊ ገባር ነው። ቀጥ ብሎ መሄድ ሲችል ይጠመዘዛል፤ ሄዶ ሄዶ ይመለሳል፣ እንደገና ይታጠፋል። ሰባቱ ኩርባዎች ይሉታል። በየኩርባው ውስጥ ማሳ፣ የከብት በረት፣ አንድ ሁለት ቤት ተቀምጧል። በዚያው በ1864 መከር የሸሪዳን ጦር የዚህን ሸለቆ ብዙ ጎተራና ወፍጮ አቃጥሎ ነበር። ዛሬ ያንን የሚያስታውስ ነገር ከላይ ሆኖ አይታይም፤ የሚታየው ሣርና ውሃ ነው።

የልጁ ዕቅድ የወጣልኝ እዚህ ነው። ባለቤቴ ጉልበቷን ስለሚያማት ያን ረጅም በረራ አልቻለችምና አዲስ አበባ ቀርታለች። እሱ ደግሞ ድሮኗን ከማማው አስነስቶ ከአንደኛው ኩርባ እስከ ሰባተኛው ወንዙን እየተከተለች፣ ሳይቋረጥ በአንድ ቪዲዮ ቀርጾ ለአያቱ ሊልክላት አስቧል። «እማማ መምጣት ካልቻለች፣ እኔ ቦታውን እወስድላታለሁ» አለኝ። ይህን እያለ ባለ ሣጥኑን ሪሞት ከቦርሳው አወጣ።

አይሆንም ማለት ቀላል ነበር። ነገር ግን ከሦስት ሳምንት በኋላ ወደ አገሬ እመለሳለሁ። የእኔ «አይሆንም» የሚሠራው እኔ እስካለሁ ድረስ ነው፤ ከዱለስ አውሮፕላን ማረፊያ ከተነሳሁ በኋላ ማን ያየዋል? ስለዚህ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩና መጠየቅ ጀመርኩ።

«ያኛው የፋብሪካው ሪሞት ምን ያህል ይደርሳል?»

«ክፍት ቦታ ላይ ብዙ ኪሎ ሜትር።»

«አንተስ ድሮኗን በዓይንህ እስከ የት ታያታለህ?»

ዝም አለ። ሦስት መቶ፣ አራት መቶ ሜትር ስትርቅ ነጥብ ትሆናለች፤ ከዚያ የለችም። የአሜሪካ ሕግ ደግሞ ለመዝናኛ የሚያበር ሰው ድሮኑን ራሱ በዓይኑ ማየት አለበት፣ ወይም አጠገቡ ቆሞ የሚያይለት ሰው ይኑረው ይላል። ስክሪኑን ማየት አይቆጠርም። እንግዲህ የፋብሪካው ሪሞት ብቻውን ከዓይናችን አልፎ የሚሄድ ከሆነ፣ ማጉያው የሚጨምረው ማየት በማንችልበት ቦታ ላይ ነው። እጅ ይረዝማል፤ ዓይን ግን ባለበት ይቀራል።

ከዚያ የሙያዬን ነገርኩት። ርቀትን እጥፍ ለማድረግ፣ ክፍት አየር ላይ እንኳ፣ ጉልበቱ አራት እጥፍ መሆን አለበት። ተራራና እርጥብ ቅጠል መካከል ሲገባ ደግሞ ያም ላይበቃ ይችላል። ሪሞቱ ጮክ ብሎ ሲናገር ድሮኗ ትሰማለች፤ የእሷ ድምፅ ግን ያው ደካማ ነው፤ ምስሉ ይጠፋና በጨለማ ታዛለህ። የሚመጣውንም የሚያጎሉ ማጉያዎች አሉ፤ እነሱም ከሲግናሉ ጋር ጫጫታውን አብረው ያጎላሉ። የመንግሥት ፈቃዱም ቢሆን ሪሞቱ ከነአንቴናው እንደ አንድ ዕቃ ተፈትሾ የተሰጠ ነው፤ ማጉያ የተቀጠለበትን አይሸፍንም።

ይህን ሁሉ በትዕግሥት ሰማኝ፤ ግን ፊቱ አልተለወጠም። ስለዚህ ለማንም የማልነግረውን ነገርኩት። ወጣት ሳለሁ፣ ተራራ ላይ ብቻዬን ተረኛ በነበርኩበት ጊዜ፣ አንድ የደከመ መስመር አስቸገረኝ። አለቃ ሳልጠይቅ ጉልበቱን ከተፈቀደው በላይ ከፍ አደረግሁት። የእኔ መስመር ጠራ፤ ኮራሁ። ለካ የጎረቤቱን መስመር ሸፍኜዋለሁ። ምክንያቱ እስኪገኝ ድረስ በዚያ በኩል ያሉ ሰዎች ስልክ ደውለው የሚሰሙት ጩኸት ብቻ ነበር። ከመካከላቸው የታመመ ሊጠይቅ፣ መርዶ ሊያረዳ የደወለ ይኖራል። ያጠፋሁት ነገር ለእኔ አይታየኝም ነበር፤ ለዚህ ነው ያላቆምኩት።

ልጁ ሪሞቱን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ወንዙን ሲያይ ቆየ። ከዚያ ራሱ ተናገረ። «አባባ፣ ሌላም ነገር አለ። ከፍታው ከ400 ጫማ መብለጥ የለበትም፤ የሚለካው ደግሞ ከሥሯ ካለው መሬት ነው። ከዚህ ቀጥ ብላ ወደ ሸለቆው ከወጣች መሬቱ ከሥሯ ይርቃል። ፈተናው ላይ ነበር።» 400 ጫማ 120 ሜትር ገደማ ነው፤ ከቆምንበት እስከ ወንዙ ያለው ቁልቁለት ደግሞ ከዚያ እጅግ ይበልጣል። ከተዳፋቱ ጋር ዝቅ እያለች ብትወርድ ደግሞ ዛፉ ይጋርዳታል። ይህን እኔ አላውቅም ነበር። እሱ ከመጀመሪያው ያውቅ ነበር፤ ሊናገረው አልፈለገም እንጂ።

ባለ ሣጥኑን ሪሞት ወደ ቦርሳው የመለሰው ራሱ ነው።

ማማው ላይ የነበሩት ጎብኚዎች እስኪወርዱ ጠበቅንና ፈንጠር ብለን ገላጣ ቦታ ላይ ቆምን። በፋብሪካው ሪሞት ድሮኗን ወደ ሩቅ ሳይሆን ወደ ላይ ላካት። መቶ ሜትር ያህል ወጥታ ቆመች፤ እኔም በመነጽሬ አየኋት። ካሜራውን ወደ ሸለቆው ሲያዞር ወንዙ በሙሉ ስክሪኑ ላይ ገባ፤ እንደ ተፈታ መቀነት። ሰባት ቆጠርኩ። ልጄ ስድስት ነው አለ። የልጅ ልጄ እንደገና ቆጥሮ ከእኔ ጋር ተስማማ። ለካ ኩርባዎቹን ለማየት ኩርባዎቹ ዘንድ መድረስ አያስፈልግም ነበር። ነፋሱ ስለበረታ አሥር ደቂቃ ሳትሞላ አወረዳት።

ቪዲዮው በዚያው ማታ አዲስ አበባ ደረሰ። ባለቤቴ ሁለት ጊዜ አይታው «እንደ ጀማ ነው፤ ግን ምነው ልጁ አይታይም?» አለች።

የልጅ ልጅ ድሮን ይዞላችሁ ሊመጣ ያሰበ ወላጅና አያት ካላችሁ አንድ ነገር ልበል። ያለ ቅድሚያ ፈቃድ የመጣ ድሮን ቦሌ ላይ ይያዛል፤ ፈቃዱ ከጉዞው በፊት ይጠየቅ። ድሮን የገዛ ልጅ ያላችሁም «ስንት ይርቃል?» ብላችሁ ከምትጠይቁት «እስከ የት ታየዋለህ?» በሉት።

ልመለስ ሁለት ቀን ሲቀረኝ ልጁ ሣጥኑንና ሁለቱን አንቴናዎች በፌስታል አድርጎ አመጣልኝ። «አንተ ውሰደው» አለኝ። ጉምሩክ ላይ ምን ብዬ እንደማስረዳ ሳስብ ሳቄ መጣ። በምትኩ ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ጋዜጣ አንጥፈን፣ በትንሽ ብሎን መፍቻ ሣጥኑን ከፈትነው። የቱ ክፍል ምን እንደሚሠራ አንድ በአንድ አሳየሁት። ምራቴ ቡና አፍልታ እስክትጠራን ድረስ አንገታችንን አልቀናንም።

አሁን በየሁለት ሳምንቱ ቪዲዮ ይልክልኛል። ሣጥኑን መልሶ ገጥሞት እንደሆነ አልጠየቅሁትም። ባለፈው የላከው ላይ ግን መጨረሻው አካባቢ ካሜራው ወደ ታች ዞሮ፣ ሣር ላይ ቀና ብሎ የቆመ ልጅ አሳየኝ። ድሮኗን እያየ ነበር። ባለቤቴን ጠርቼ አሳየኋት።