አውድማና ጓዳ

ኅዳር ሲጋመስ በስቶክሆልም ፀሐይ ከቀኑ በ9 ሰዓት ገደማ ትጠልቃለች። ከትምህርት ወደ ቤታችን የምንመለሰው በጨለማ ነው። በዚያው ሰዓት በአገራችን፣ በምሥራቅ ጎጃም፣ ከብቸና ብዙ በማይርቀው መንደራችን ከቀኑ 11 ሰዓት ሲሆን፣ በየአውድማው መንሻቸውን የያዙ ሰዎች የነፋሱን መምጣት እየጠበቁ ቆመዋል። እኛም እዚህ ምድጃችንን ለኩሰን፣ ድስታችንን ጥደን፣ በአሳብ ወደዚያ እንሄዳለን።

በዚህ ጽሑፍ «እኛ» የምንለው ሁለት ነን፤ ወንድምና እህት። አንዳችን የፖለቲካ ሳይንስ፣ ሌላችን የሕዝብ ጤና እናጠናለን። ያደግነው በአንድ ጣራ ሥር፣ ከአንድ መሶብ እየበላን ነው። ሆኖም አንድ ምሽት ስለ መኸር ወራት የምናስታውሰውን ለማነጻጸር ብንቀመጥ፣ በሁለት የተለያዩ ቤቶች ያደግን መሰለን። ይህን ለመጻፍ ያነሣሣን ይኸው ልዩነት ነው።

ወንዱ የሚያስታውሰው አውድማውን ነው። መሬቱ ተደልድሎ፣ በእበት ተለቅልቆ፣ ደርቆ እንደ ምጣድ ሲለሰልስ፤ ነዶው ከክምሩ እየተናደ ሲበተን፤ በሬዎቹ አፍ ለአፍ ገጥመው ሲያበራዩ፤ አባታችን በላይዳው ወደ ላይ ሲበትነው ፍሬው ከእግሩ ሥር ሲወርድ፣ ገለባው ግን በነፋስ እየተወሰደ ወዲያ ሲከመር። ልጅ ሆኖ ከበሬዎቹ ኋላ ጅራፍ ይዞ መዞር ታላቅ ሹመት ነበር። ለእርሱ የመኸር ድምፅ የአባታችንና የደቦተኞቹ ዜማ ነው።

ሴቷ የምታስታውሰው ጓዳውን ነው። የመጀመሪያው ዶሮ ሲጮህ እናታችን ትነሣለች፤ ኩበቱን ትቆሰቁሳለች፤ ለአጫጆቹ ቆሎ ትቆላለች። ልጅቱ እንስራዋን አዝላ ወደ ምንጭ ትወርዳለች። ጎሕ ሲቀድ ሁለተኛው እንስራ ገብቷል። ከዚያ ሊጡ ላይ አብሲት ይጣላል፤ ምጣዱ ይሰማል፤ ጢሱ ዓይን ያስለቅሳል፤ እንጀራው በሰፌድ ላይ እየወጣ ይደራረባል። ቀትር ሲሆን አገልግሉ ተሞልቶ፣ ጠላው በቅል ተቀድቶ ወደ እርሻው ይወሰዳል። ለእርሷ የመኸር ድምፅ የሰፌድና የወንፊት ድምፅ ነው።

ሁለታችንም እኩል የምናስታውሰው አንድ ነገር አለ። ኅዳር 15 ቀን የነቢያት ጾም ይገባል። ስለዚህ የመኸር ምግብ የጾም ምግብ ነው፤ ሽሮ፣ የባቄላ ንፍሮ፣ ተልባ፣ አልፎ አልፎም ምስር። እናታችን ጾመኛ ስለሆነች የምትሠራውን ወጥ አትቀምስም ነበር። ጨዉን በመዳፏ መጥና ከጨመረች በኋላ፣ ገና ለጾም ያልደረስነውን ልጆች ትጠራንና ከማማሰያው ጫፍ በእጃችን ላይ ጠብ አድርጋ፣ «እስቲ ቅመሱልኝ፤ ጨው ደኅና ነው?» ትለን ነበር። እኛም እንደ ትልቅ ሰው ጥቂት አሰብ አድርገን ፍርዳችንን እንሰጥ ነበር። ለ12 ሰው የሚቀርብ ወጥ በሁለት ሕፃናት ምላስ ይጸድቅ ነበር ማለት ነው።

አሁን ወደ ተነሣንበት ጉዳይ እንመለስ። ከሁለታችን የፖለቲካ ሳይንስ የሚያጠናው ስለ ገጠር መሬት ሥሪት የመመረቂያ ጽሑፉን በማዘጋጀት ላይ ይገኛል። በጽሑፉ ውስጥ አንድ የጤፍ ማሳ ከእርሻ እስከ ጎታ የሚጠይቀውን ጉልበት የሚያሳይ ሠንጠረዥ አለ። እርሻ፣ ዘር፣ አረም፣ አጨዳ፣ ነዶ ማጓጓዝና መከመር፣ ውቂያ፤ እያንዳንዱ ስንት የሰው ቀን እንደሚወስድ በተራ ተቀምጧል። በውቂያው ረድፍ ላይ «12» ይላል፤ የአንድ ቀን ደቦ መሆኑ ነው። ሠንጠረዡ ንጹሕ ነበር፤ መምህሩም ወዶታል። እህቱ ግን ወረቀቱን አንሥታ ደጋግማ ካየች በኋላ፣ «እማስ የት አለች?» ብላ ጠየቀች።

መልስ አልነበረም። 12 ሰዎች ቀኑን ሙሉ ሲወቁ ምን ሲበሉ እንደዋሉ በሠንጠረዡ ውስጥ የለም። ወንፈል ቢሆን ጉልበት በጉልበት ይመለሳል፤ ደቦ ግን የሚጠራው በምግብና በመጠጥ ነው። ምግብ የሌለበት ደቦ ደቦ አይደለም። ይህን የመንደራችን ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል፤ ምሁሩ ግን ረስቶታል።

በማግሥቱ ወደ እናታችን ደወልን። ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርገን፣ ወረቀትና እርሳስ ይዘን፣ «እማ፣ ለአንድ ቀን ውቂያ የስንት ቀን ሥራ ትሠሪያለሽ?» አልናት። «የምን ሥራ? ውቂያው እኮ የአባታችሁ ነው» አለችን። «ምግቡንና ጠላውን ማለታችን ነው» ስንላት ሳቀች። «እሱማ ምግብ ነው እንጂ ምኑ ሥራ ነው! ትምህርታችሁ ይህንንም ይጠይቃል እንዴ?» አለች። ቀስ በቀስ ግን መቁጠር ጀመረች።

መጀመሪያ ገብሱ ይዘፈዘፋል፤ በቅሎ ብቅል እስኪሆንና እስኪደርቅ ይጠበቃል። ጌሾው ይወቀጣል፤ ጋኑ ታጥቦ በወይራ ይታጠናል፤ ጥንስሱ ይጣላል። አሻሮው ይቆላል፤ ይፈጫል። ይደፈደፋል፤ ከዚያም ጠላው እስኪደርስ ይጠበቃል። በመካከሉ ጤፉ ይነፋል፤ አህያ ተጭኖ ወፍጮ ቤት ይኬዳል፤ ሊጡ ይቦካል፤ የሽሮው እህል ተከክቶ፣ ከቅመሙ ጋር ተፈጭቶ ይሰናዳል። ለጠላው፣ ለሊጡና ለወጡ የሚቀዳው ውሃ 14 እንስራ ይሆናል አለችን። መጠበቂያውን ሳይሆን ሥራ የተሠራባቸውን ቀኖች ብቻ አንድ በአንድ ስንደምር 9 ሆነ። ለአንድ ቀን ውቂያ የአንዲት ሴት 9 ቀን። «እንግዲህ እናንተ ካላችሁ» አለች፤ እንደ መደነቅም እንደ ማፈርም እያደረጋት።

ከቁጥሩ ይበልጥ ያስገረመን ግን ሌላ ነው። በልጅነታችን የውቂያውን ቀን የሚወስነው አባታችን ይመስለን ነበር፤ ደቦ የሚጠራው እርሱ ነውና። አሁን ስናስታውሰው ግን አባታችን ለሰው ከመንገሩ በፊት ሁልጊዜ ወደ ጓዳው ደጃፍ መጥቶ፣ «ጠላው መቼ ይደርሳል?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። እናታችን ቀኑን ትናገራለች፤ እርሱም ያንኑ ቀን ይዞ ወደ ጎረቤት ይወጣል። የአውድማው ቀን መቁጠሪያ በጋኑ ውስጥ ነበር ማለት ነው። ክምሩ ሜዳ ላይ ቆሞ ሳለ ዝናብ ይመጣ ይሆን፣ ምስጥ ይበላው ይሆን፣ የማን ደቦ ይቀድማል፣ ይህ ሁሉ በአንዲት ሴት አእምሮ ውስጥ ይመዘን ነበር። እኛ ግን ይህን ውሳኔ ብለን ሳይሆን ወጥ ቤት ብለን አለፍነው።

ከዚህ ጋር የሚያያዝ አንድ ሌላ ሒሳብ ከሁለታችን መካከል ነበረ፤ እስከዚያ ምሽት ድረስ አልተወራረደም። በ7ኛ ክፍል ሳለች እህት በኅዳርና በታኅሣሥ ብቻ 11 ቀን ከትምህርት ቀርታ ነበር፤ ወንድም በዚያው ዕድሜው የቀረው 3 ቀን ነው። እርሱ ጅራፉን ይዞ የሚዞረው ከትምህርት መልስ ነበር፤ ምጣድና እንስራ ግን የትምህርት ሰዓት አያውቁም። ዛሬ ሁለታችንም በአንድ ከተማ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች መሆናችን እውነት ነው። እኩል መንገድ ተጉዘን ደረስን ማለት ግን እውነት አይሆንም።

የተማሪው እንቅስቃሴ ልጆች ነን ብለን የምናምን ሁሉ በ1957 ዓ.ም. አደባባይ የወጣውን «መሬት ለአራሹ» የሚለውን ጥሪ በክብር እናነሣዋለን። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅም ጭሰኝነትን ያፈረሰ ታላቅ እርምጃ መሆኑን አንክድም። አዋጁ ያለ ጾታ ልዩነት፣ በግሉ ለማረስ ፈቃደኛ ለሆነ ሁሉ እስከ 10 ሄክታር የሚደርስ መሬት እንዲሰጥ ይላል። በቅጥር ጉልበት ማሳረስን ሲከለክልም፣ ሌላ በቂ መተዳደሪያ የሌላትን ሴት ለይቶ ይፈቅድላታል። ያረቀቁት ሰዎች ሴቶችን አልረሱም። ነገር ግን በእኛ አገር ሞፈር የሚጨብጠው ወንድ ነው፤ «አራሽ» ሲባል በሰው ዓይነ ኅሊና የሚመጣው በሬ ጠምዶ የቆመ ወንድ ነው። አራሹ የሚበላውን የምታሰናዳው፣ የእርሻውን ቀን የምትቆጥረው፣ ዘሩን ከጎታው ለይታ የምታስቀምጠው ሴት በቃሉ ውስጥ ስም አላገኘችም። በ1990ዎቹ አጋማሽ በክልላችን የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር መሰጠት ሲጀምር ግን የባልም የሚስትም ስምና ፎቶግራፍ በአንድ ላይ ገባ። በቤታችን ደብተር ላይ እናታችን ነጠላዋን አጣፍታ፣ ዓይኗን ሳትነቅል ታያለች። ያን ፎቶግራፍ ብዙ ጊዜ አይተነዋል፤ ሠንጠረዡን ስንሠራ ግን አላስታወስነውም።

አያታችን በአሥራት ዘመን ክምር ሊገምት የሚመጣው ሰው ከቤቷ በልቶና ጠጥቶ ይሄድ እንደነበር ትነግረን ነበር። መንግሥት ወደ ገበሬው ቤት የሚገባው በአውድማው በኩል ብቻ ሳይሆን በጓዳውም በኩል ነበር። በ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬ በእርሻ ገቢ ግብር ምክንያት ሲያምፅ ስለ አመፁ መንሥኤ ብዙ አንብበናል፤ በየጫካው ለወጣው ሰው ስንቁን ማን እንዳሰናዳ ግን ባነበብናቸው መጻሕፍት ውስጥ አላገኘንም። ያንንም አያታችን ታውቅ ነበር። እኛ አልጠየቅናትም፤ ዛሬ በሕይወት የለችም።

ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአካባቢያችን ጦርነት አለ። ኢንተርኔቱ ለወራት ተዘግቶ ሲቆይ ስልኩም የሚሠራው እየመረጠ ነበር። በአንድ ኅዳር መስመር አግኝተን ስለ ምርቱ ስንጠይቃት እናታችን፣ «ዘንድሮ ጠላ አልጠመቅሁም» አለችን። ሌላ ማብራሪያ አላስፈለገንም። ጠላ ካልተጠመቀ ደቦ አልተጠራም፤ ደቦ ካልተጠራ የሚጠራ ሰው የለም። ወጣቱ ከፊሉ ወጥቷል፤ ከፊሉ ተደብቋል፤ ስለ ከፊሉም አይጠየቅም። ጤፉን ያጨደችው ከአባታችንና ከሦስት ጎረቤት ሴቶች ጋር ሆና ነው። በሬ እየነዱ ያበራዩትም እነርሱ ናቸው። «ታዲያ ምን በላችሁ?» አልናት። «ቆሎ ይዘን ወጣን» አለች። በመንደራችን የአውድማና የጓዳ ድንበር የፈረሰው በአዋጅም በንቃተ ኅሊናም አይደለም፤ በሰው ማነስ ነው። ይህ የምንኮራበት እኩልነት አይደለም። በሁለቱም በኩል ያለው ሸክም በአንድ ጀርባ ላይ መውደቁ ነው።

ግለ ሂስ ማድረግ የዚህ መጽሔት አንባቢ የለመደው ነገር ነው፤ እኛም ከራሳችን ቤት እንጀምር። ባለፉት ሁለት ዓመታት በቤታችን እንጀራ የጋገረው ማን ነው ብለን ስንጠይቅ መልሱ አሳፋሪ ሆኖ ተገኘ። በማኅበራችን ስብሰባ ስለ ሴቶች ጥያቄ ወንዱ ሲናገር እህቱ በወጥ ቤት ሽንኩርት ትከትፍ ነበር፤ ንግግሩም ተጨበጨበለት። ከዚያ ምሽት ወዲህ ተራ አውጥተናል። ወንዱ አብሲት መጣል ተምሯል፤ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ምጣዶች ዓይን አልነበራቸውም፤ አራተኛው ተሻለ።

ትናንት ማታ ሽሮ የሠራው እርሱ ነው። ጾም ነውና ሁለታችንም መቅመስ አንችልም፤ በቤታችንም የሚቀምስልን ልጅ የለም። ጨዉን በመዳፍ መጠነው። በዛበት። ዝም ብለን በላነው።

በሠንጠረዡ ላይ አንድ ረድፍ ተጨምሯል፤ «የደቦ ስንቅ» ይላል፤ ቁጥሩም 9 ነው። መምህሩ የቁጥሩን ምንጭ ጠይቆ ነበር፤ ቁጥሩን የሰጠችን ማን እንደሆነች ነገርነው። እናንተም ውድ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን፣ በዚህ መኸር መስመር ሲገኝላችሁ ወደ ቤት መደወላችሁ አይቀርም። «ምርቱ እንዴት ነው?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ በኋላ ስልኩን ቶሎ አትዝጉት። ያን ምርት ሲሰበስቡ የዋሉትን ማን እንዳበላቸው፣ ስንት ቀን እንደፈጀባትም ጠይቁ። መጀመሪያ ትስቅባችሁ ይሆናል። ትንሽ ታገሡ፤ ትቆጥርላችኋለች።