ጅብ አለ

መንዝ፣ ከቤታችን በላይ ካለው ገደል ሥር አንድ ዋሻ ነበር። ዝናብ ሲመጣ በጎቹ ሮጠው ይገቡበታል፤ እኛ እረኞቹ ግን ደጁ ላይ ቆመን እንበሰብሳለን። አያቴ «ውስጡ ጅብ አለ» ብላናለች። «አይተሽው ታውቂያለሽ?» ብላት በኩርኩም መለሰችልኝ። ካባራ በኋላ በጎቹ አንድም ሳይጎድሉ ሲወጡ ማንም ነገሬ አይልም።

ሰባተኛ ክፍል ስደርስ የሳይንስ አስተማሪያችን ሰሌዳው ላይ «ማርስ ላይ ሕይወት የለም» ብሎ ጻፈ። እጄን አወጣሁ፤ «ጋሼ፣ ዋሻ ዋሻው ታይቶ ነው?» ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ የቀረውን ክፍለ ጊዜ ተንበርክኬ ጨረስኩ።

እ.ኤ.አ. በ2010 ካሊፎርኒያ ውስጥ 16 የሰባተኛ ክፍል ተማሪዎች የእኔን የመሰለ ጥያቄ ጠየቁ። እነሱን ግን ያንበረከካቸው የለም። ማርስን የምትዞረው የናሳዋ ኦዲሲ መንኮራኩር የመረጡትን ቦታ ፎቶ አነሣችላቸው። ልጆቹ ምስሉን ሲያገላብጡ ፓቮኒስ ሞንስ ከተባለው እሳተ ገሞራ ተዳፋት ላይ አንዲት ክብ ጥቁር ነጥብ አገኙ፤ ጣሪያው የተናደ የዋሻ አፍ ሳትሆን አትቀርም።

እንዲህ ያለው ዋሻ የሚፈጠረው የቀለጠው ዐለት ላዩ እንደ ገንፎ ሲረጋ፣ ውስጡ ደግሞ ፈሶ ሲያልቅ ነው። የማርስ አየር ስስ ነው፤ ከምድር አየር 1 በመቶ እንኳ አይሞላም። እንደ ምድር ዙሪያዋን የሚከልል መግነጢሳዊ ጋሻም የላትም። ስለዚህ ከሕዋ የሚመጣው ጨረር ገጿን ሲለበልባት ይውላል። ከዐለቱ ሥር ግን ጨረሩም፣ የቀንና የሌሊቱ የሙቀት መለዋወጥም ይበርዳል። ጥንት ተሕዋስያን ኖረው ከሆነ አሻራቸው እዚያ ተሰውሮ ሊቆይ ይችላል። ሰው ሄዶ ልኑር ቢልም ለመጠለያ ከሚታሰቡለት ቦታዎች አንዱ ዋሻ ነው። ታዲያ እስካሁን አንዱም ውስጥ የገባ የለም።

ባለፈው ሰሞን ይህን ሁሉ ለልጄ በኩራት አጫወትኳት፤ የጥቁሯን ነጥብ ፎቶም በስልኬ አሳየኋት። እሷም ሰባተኛ ክፍል ናት። ትንሽ አሰብ አደረገችና፣

«አባዬ፣ እናንተ አገር ያለው ዋሻ ውስጥስ ምን አለ?» አለችኝ።

«ጅብ።»

«አይተኸዋል?»

«ሂጂ፣ ጥናትሽን አጥኚ» አልኳት።