ጎጆ ልትወጡ ነው? መጀመሪያ መልካ ቁንጥሬን እዩ

እጮኛ ይዞ ወጣ ማለት ሲነሳ እናንተ የሸገር ልጆች ከሶደሬና ከላንጋኖ ሌላ አይታያችሁም። የአምቦ ልጆችም ከመዋኛቸውና ከወንጪ ሐይቅ ንቅንቅ አይሉም። መልካ ቁንጥሬ ግን አዋሽ ወንዝ ዳር ቁጭ ብላለች፤ ከአዲስ አበባ በቡታጅራ መንገድ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ብትሆን ነው። ከአምቦ የሚነሳ ጊንጪን፣ አዲስ ዓለምንና ሆለታን አልፎ አዲስ አበባ ይገባና መኪና ይቀይራል።

ቦታውን በ1963 እ.ኤ.አ. ያገኘው ጄራርድ ዴከር የተባለ ሆላንዳዊ ነው። ከዚያ ፈረንሳዊው ዣን ሻቫዮን ለዓመታት ቆፈሩት። ታዲያ ጎምቦሬ በሚባለው በኩል፣ 1 ነጥብ 7 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ባስቆጠረ መሬት ላይ፣ የድንጋይ መሣሪያውና አጥንቱ እንደ ጉድ ተበትኖ ሳለ መሀሉን ባዶ ቦታ አገኙ። ዳር ዳሩ ላይ የተከመረው ድንጋይ ቅርንጫፍ ማቆሚያ ነው፣ ይሄ መጠለያ ነው አሉ። ያልተዋጠላቸው ምሁራን አሉ። እኔም "ቤት" ብዬ ለመማል ይከብደኛል። ግን እናንተዬ፣ ቦታው 2000 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ ሌሊቱ አጥንት ይሰብራል። ሰው መጠጊያ ቢፈልግ ምን ይገርማል?

እኔን የነካኝስ ሌላ ነው። እዚያው ጎምቦሬ 700 ሺህ ዓመት ገደማ የሆነው የእግር ዱካ ተገኝቷል። በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣው ጥናት እንደሚለው፣ አዋቂዎች ጉማሬ ሲበልቱ ትንንሽ ልጆችም አብረዋቸው ነበሩ።

"ቤት እስክናገኝ" እያሉ ሠርጋቸውን ሦስቴ ያራዘሙ ጥንዶች አብረውኝ ነበሩ። ልጅቷ ይሄን ስትሰማ ወደ እሱ ዞር አለችና፣

"እነሱ ልጅ ይዘው ሜዳ ላይ፤ እኛ ሳሎን እንጠብቃለን" አለችው።

እሱ መልስ አልሰጣትም። ክብ ጎጆ የሚመስለውን ሙዚየም ሁለት ጊዜ ዞረው። ቆይቶ፣ "ጉደር አንድ ክፍል አለ፣ ሽንት ቤቱ ግን የጋራ ነው" ሲል ሰማሁት።

"ይሁና!" አለች።

ከሄዳችሁ ጠዋት ሂዱ፤ ከሰዓት ዝናብ ከመጣ ጭቃው አያላውስም። ቦታው ከባልጪት ጋር በ2024 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ባልጪት ያ እንደ መስታወት የሚያብለጨልጨው ጥቁር ድንጋይ የሚገኝበት ነው። ለፍቅረኛ ማስታወሻ ብላችሁ አንዷንም ኪሳችሁ እንዳትከቱ።