ሁለተኛው ባትሪ

ዛሬ የማወራችሁ ስለ መኪና ባትሪ ነው። ባልና ሚስት የሆናችሁ ግን ነገሩ የባትሪ ብቻ እንዳልነበረ ሳትረዱልኝ አትቀሩም።

የምንኖረው አሜሪካ፣ ኮሎራዶ ውስጥ ነው። በበጋ ወራት ልጆቻችንን ይዘን፣ ትንሽ መኝታ ያለው ተጎታች ከፒካፓችን ኋላ አስረን ወደ ተራሮቹ እንወጣለን። እኔ በእንቅልፍ ላይ ትንፋሽ ስለሚቆራረጥብኝ ሲፓፕ የሚባል አየር የሚገፋ ማሽን ሳላደርግ አልተኛም። ጫካ ውስጥ ደግሞ መብራት የለም። ስለዚህ መኪናው ላይ ሁለተኛ ባትሪ ለመጨመርና 12 ቮልቱን ወደ 120 ቮልት የሚለውጥ ኢንቨርተር ለመግጠም ወሰንኩ።

ሥራውን ስጀምር ባለቤቴ አጠገቤ ቆማ መመሪያውን ታነብ ነበር። «ሁለቱ ባትሪዎች እንዲህ በቀጥታ ከተያያዙ አብረው አያልቁም ወይ?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔም በልጆቻችን ፊት፣ «ስለ መኪና አንቺ ምን ታውቂያለሽ? ለእኔ ተይልኝ» አልኳት። እሷም ዝም አለች።

ሁለተኛው ሌሊት ላይ፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ ኢንቨርተሩ ጮኾ ጠፋ፤ ማሽኔም አብሮ ቆመ። የማሽኑን እርጥበት ማሞቂያና ትንሿን ማቀዝቀዣ ሌሊቱን ሙሉ ከፍቼ ትቻቸው ነበር። እኔ መልሶ እንቅልፍ ወሰደኝ፤ ባለቤቴ ግን አልተኛችም። ትንፋሼ ሲቋረጥ እየወዘወዘች ስትቀሰቅሰኝ ነጋ። ጠዋት ቁልፉን ባዞረው ሞተሩ አልነሳ አለ። ሁለቱም ባትሪዎች አልቀዋል። ስልክም አይሠራም። ጎረቤታችን ያደሩ ሽማግሌ በገመድ ከባትሪያቸው አገናኝተው ባያስነሡልን ኖሮ እዚያው በቀረን ነበር።

በመንገድ ላይ ባለቤቴ «ብዬህ ነበር» አላለችኝም። ብትለኝ ይሻለኝ ነበር። ፊቷ ላይ ድካሙን ባየሁ ጊዜ ልቤ ተሰበረ። ቤት እንደደረስን፣ በልጆቹ ፊት ስላቃለልኳት በልጆቹ ፊት ይቅርታ ጠየቅኋት።

ከዚያ በኋላ ሥራውን አብረን እንደ ገና ጀመርን። በሁለቱ ባትሪዎች መካከል የሚለያቸው ሪሌ ገባ። ሞተሩ ሲሠራና ዲናሞው ሲሞላ ያገናኛቸዋል፤ ሞተሩ ጠፍቶ ቮልቱ ሲወርድ ይለያቸዋል። ስለዚህ ማታ የምንጠቀመው ከሁለተኛው ብቻ ነው፤ የማስነሻው ባትሪ አይነካም። (በብዙ አዳዲስ መኪናዎች ዲናሞው ቮልቱን ስለሚቀያይር፣ በሪሌ ፈንታ ከባትሪ ወደ ባትሪ የሚሞላ ቻርጀር ያስፈልጋል።) ገመዱን ወፍራም አደረግን፤ በሁለቱም ጫፍ፣ ከየባትሪው አጠገብ ፊውዝ ገባ። ያለዚያ ገመዱ ተፍቆ ብረት ቢነካ እሳት ሊነሳ ይችላል።

ሒሳቡን የሠራችው ባለቤቴ ናት። ማሞቂያው ሲጠፋ ማሽኔ 40 ዋት ያህል ይወስዳል፤ በ8 ሰዓት 320 ዋት ሰዓት ይሆናል። ኢንቨርተሩ የሚያባክነው ሲጨመር 30 አምፒር ሰዓት ገደማ ነው። 100 አምፒር ሰዓት የሚይዝ የእርሳስ ባትሪ ዕድሜው እንዳያጥር ከግማሽ በታች ባይወርድ ይመረጣል። እንግዲህ ለአንድ ሌሊት ይበቃል ማለት ነው፤ በማግሥቱ ግን መሞላት አለበት።

አሁን ለጉዞ ስንነሳ ቴስተሩ በእሷ እጅ ነው። ሞልቶ ያረፈው ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ካላሳየ አንወጣም። እኔም፣ «እሺ፣ ምን ይላል?» ብዬ እጠይቃታለሁ።

ወንድሞቼ፣ ሚስቶቻችሁ ሲጠይቋችሁ መልስ ከመስጠታችሁ በፊት ጥያቄውን ጨርሳችሁ ስሙ። እኔን ያንን ሌሊት በትንፋሽ ያቆየችኝ፣ «ምን ታውቂያለሽ» ያልኳት ሴት ናት።